የደጋ አጋዘንና የባሌ ጥሻ

የደጋ አጋዘን ከአፍሪካ ታላላቅ የዱር እንስሳት መካከል ለሳይንስ እጅግ ዘግይተው ከታወቁት አንዱ ነው። አይቮር በክስተን የተባለ እንግሊዛዊ አዳኝ እ.ኤ.አ. በ1908 ካገኘው በኋላ፥ ሪቻርድ ላይዴከር በ1910 ሳይንሳዊ መጠሪያ ሰጠው። በተፈጥሮ የሚገኘውም በኢትዮጵያ ደጋማ ምድር ብቻ ነው።

የዚህ እንስሳ ኑሮ በሁለት ነገሮች ላይ የቆመ ነው። ቀኑን በኮሶ፥ በጽድና በአመጃ ዛፎች ሥር ተሸሽጎ ይውላል፤ ሲነጋና ሲመሽ ደግሞ ወደ ሜዳው ወጥቶ ሣርና ቅጠላ ቅጠል ይመገባል። እናቲቱም ግልገሏን ከነብርና ከጅብ የምትሸሽገው በጥሻ ውስጥ ነው። ስለሆነም ደኑ ያለ ሜዳ፥ ሜዳውም ያለ ደን አይበቃውም።

በ1960ዎቹ ዓመታት ሌስሊ ብራውን የተባለው ተመራማሪ የእንስሳውን ሁኔታ አጥንቶ አካባቢው እንዲጠበቅ አሳሰበ። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክም በ1970 ተቋቋመ። ከዚያ በኋላ በዋናው መሥሪያ ቤት በዲንሾ የታጠረው ኮረብታ ለባለሙያዎች ታላቅ ትምህርት ሰጠ። አጋዘኑን ከሌላ ስፍራ ነድቶ ያመጣው ማንም አልነበረም። ሥራው በአመዛኙ ከብትን፥ መጥረቢያንና እሳትን ማራቅ ነበር። የከብት ኮቴና ጥርስ ሲርቅለት ችግኙ አደገ፥ ቁጥቋጦውም ጠና፤ አጋዘኑም መሸሸጊያውን ራሱ ፈልጎ መጣ።

ይሁን እንጂ በ1991 የመንግሥት ለውጥ በሆነ ጊዜ ጥበቃው ላላ፥ የፓርኩ ንብረት ተዘረፈ፥ አጋዘኖችም በብዛት ተገደሉ። ጥሻው ግን በነበረበት ነበር፤ የጎደለው መኖሪያ ሳይሆን የሰው ፈቃድ ነበር። የግጦሽ መሬቱ በተከለከለ ጊዜ ምክሩን ያልተጠየቀ ገበሬ አጥሩን የራሱ አድርጎ ሊጠብቀው አልቻለም። ጥበቃው ዳግም ሲጠናከር ግን ከጥፋት የተረፉት እንስሳት በዚያው ጥሻ ውስጥ ተዋልደው ቁጥራቸው እንደገና አንሰራራ።

ፓርኩ በ2023 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። የዲንሾ ታሪክ ለሙያው የሚያስተምረው ግን ከዚህ ክብር በፊት ያለውን ነው፤ ይኸውም መሬቱ ከተተወለት ጥሻን መልሶ ያበቅላል፥ ጥሻውም እንስሳውን ይጠራል፤ ለሁለቱም ዘላቂ አጥር የሚሆነው ግን በዙሪያው የሚኖረው ሕዝብ ነው።