ያልተገኘው ጫማ

ጫማ ፍለጋ ስለወጣ ሰው ላውጋችሁ። ኒክ ስዊንመርን ይባላል፤ ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1999፣ ከተማው ሳን ፍራንሲስኮ። የገበያ ማዕከሉን ዞረው። አንዱ ሱቅ ሞዴሉ አለ፣ ቀለሙ የለም። ሌላው ጋ ቀለሙ አለ፣ ቁጥሩ የለም። ባዶ እጁን ቤቱ ገባ።

እኛ ብንሆን ሱቁን ረግመን እንተወው ነበር። እሱ ግን ኢንተርኔት ላይም ፈለገ፤ እዚያም ደህና ጫማ ቤት አጣ። ታዲያ ለምን እኔው አልከፍትም አለ።

በምን ገንዘብ? አንድ ጫማ ቤት ሄዶ ተስማማ፦ ጫማቸውን ፎቶ አንስቶ ድረ ገጽ ላይ ይለጥፋል፤ ያዘዘ ሰው ሲገኝ ከእነሱው በሱቁ ዋጋ ገዝቶ ይልካል። መርካቶን የሚያውቅ ሰው ይህ አይገርመውም፤ የሌለውን ዕቃ «አለ፣ አንዴ ጠብቀኝ» ብሎ ከጎረቤት ሱቅ እየሮጠ የሚያመጣው ነጋዴ ማለት ነው። ስዊንመርን ግን ትርፍ አልፈለገም፤ የፈለገው ሰው ሳይለካ ጫማ ይገዛ እንደሆነ ማየት ነበር። ሰው ገዛ። ሱቁም ኋላ ዛፖስ ተባለ።

አሁን ዋናው ነገር መጣ። ቶኒ ሼይ ድርጅቱን ለማይክሮሶፍት በ265 ሚሊዮን ዶላር ሸጦ የተቀመጠ ወጣት ነበር። ስዊንመርን ለሱቁ ገንዘብ እንዲያወጣ ፈልጎ ስልኩ ላይ የድምፅ መልእክት ተወለት፤ ሼይ ሊያጠፋው ምንም አልቀረው። ማን ሳይለካ ጫማ ይገዛል? መልእክቱ ውስጥ ግን አንድ ስሌት ነበረች፦ የአሜሪካ የጫማ ገበያ 40 ቢሊዮን ዶላር ነው፤ 5 በመቶው የሚሸጠው በፖስታ በሚላክ የወረቀት ካታሎግ ነው። አስሉት እስቲ፤ 2 ቢሊዮን ዶላር! ያን ሁሉ ጫማ ሰው ሥዕል አይቶ ብቻ እየገዛ ነበር።

እኔን ከታሪኩ ሁሉ የያዘችኝ ይቺ ናት። ኦንላይን ሱቅ ልክፈት የሚል ሁሉ ማንም ያልነካው ዕቃ ሲያድን አያለሁ፤ ያልተነካው ፈላጊ አጥቶም ሊሆን ይችላል እኮ! ስዊንመርን የመረጠው ሰው እየተቸገረም ቢሆን መግዛቱን ያልተወውን ነው።

ሼይ ገንዘቡን አወጣ፤ ኋላም መሪው ሆነ። ጫማው ልክ ካልሆነ የመመለሻውን ወጪ ሱቁ ቻለ፤ ደንበኛም ሁለት ሦስት ቁጥር አዝዞ፣ ሳሎኑ ውስጥ ለክቶ፣ ያልሆነውን ይመልስ ጀመር።

አማዞንስ ዝም አለ? የት ሊል! በ2007 ኤንድለስ የተባለ የራሱን የጫማ ድረ ገጽ ከፈተ። በ2009 ግን ዛፖስን በ1.2 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ጠቀለለው። ኤንድለስ በ2012 ተዘጋ።