ቻይናና ህንድ፦ የሁለት ጎረቤታሞች የእድገት ጎዳና

ጊዜው ዲሴምበር 1978 ነው (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በቻይና አንሁዊ ክፍለ ሀገር፣ ሺያዎጋንግ በምትባል ድሃ መንደር 18 ገበሬዎች በድብቅ ተሰብስበው ውል ተፈራረሙ፤ የጣት አሻራቸውንም አኖሩበት። የጋራውን እርሻ በየቤተሰቡ ሊከፋፈሉ፣ ለመንግሥት የሚገባውን ኮታ ሊያስገቡ፣ የተረፈውን ግን ለየራሳቸው ሊያደርጉ ተስማሙ። አድራጎቱ የተከለከለ ስለነበር፣ ከመካከላቸው የሚታሰር ወይም የሚገደል ቢኖር ልጆቹን ሌሎቹ ሊያሳድጉለት ቃል ተገባቡ።

በቀጣዩ ዓመት ምርታቸው እጅግ ጨመረ። በደንግ ሺያዎፒንግ የሚመራው አዲሱ አስተዳደር ገበሬዎቹን ከመቅጣት ይልቅ አሠራራቸው በመላ አገሪቱ እንዲስፋፋ ፈቀደ። በ1980 ሸንዘን ልዩ የኢኮኖሚ ዞን ሆነች፤ ቻይናም ለውጭ ባለሀብት በሯን ከፈተች።

ህንድን ያባነናት ደግሞ የ1991 ችግር ነው። ኢራቅ ኩዌትን በመውረሯ የነዳጅ ዋጋ ንሮ ስለነበር፣ የአገሪቱ የውጭ ምንዛሪ ከጥቂት ሳምንታት ሸቀጥ በላይ የማያስገባ ሆነ። መንግሥት ወደ 47 ቶን የሚጠጋ ወርቅ በመያዣነት ለመላክ ተገደደ። ወርቅ በህንድ ቤተሰብ ዘንድ የሙሽራ ጌጥም የክፉ ቀን ጥሪትም ነውና፣ ነገሩ ብዙዎችን አሳፈረ። በዚያው ዓመት ጁላይ የገንዘብ ሚኒስትሩ ማንሞሃን ሲንግ፣ ፋብሪካ ለማቆም ይጠየቅ የነበረውን የፈቃድ ብዛት የሚያስቀር በጀትና ፖሊሲ ይዘው ቀረቡ።

በ1990 የሁለቱ አገሮች የነፍስ ወከፍ ገቢ እምብዛም አይራራቅም ነበር። ዛሬ የቻይናው ከህንዱ ወደ አምስት እጥፍ ይጠጋል። ምክንያቱ ቻይና ቀድማ መጀመሯ ብቻ አይደለም። የቻይና ገበሬ ልጅ ፋብሪካው ሲከፈት ማንበብና መጻፍ ችላ ነበር የጠበቀችው፤ ህንድ ግን ምርጥ መሐንዲሶችን እያስመረቀች የገጠሩን አንደኛ ደረጃ ትምህርት ችላ ብላ ቆይታለች። ስለዚህም በኮምፒዩተር አገልግሎት ስትገንን፣ ሚሊዮኖችን የሚቀጥር ፋብሪካ አጠራት።

ይሁን እንጂ ፈጣኑ ውሳኔ ሁልጊዜ ትክክለኛ አይሆንም። ከ1980 እስከ 2015 የጸናው የአንድ ልጅ ፖሊሲ ለቻይና ዛሬ ዕዳ ሆኖባታል። የሕዝቧ ቁጥር ከ2022 ጀምሮ መቀነስ ያዘ፤ በ2023ም ህንድ በሕዝብ ብዛት በለጠቻት። በዚያው ዓመት ዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት ከዓለም እድገት ግማሽ ያህሉ ከእነዚህ ሁለት አገሮች እንደሚመጣ ገምቶ ነበር። ሁለቱ ግን በ1962 ተዋግተዋል፤ በጁን 2020 በጋልዋን ሸለቆ በተፈጠረው ግጭትም 20 የህንድ ወታደሮች ሞተዋል። ንግዳቸው ግን አልተቋረጠም።

ነገሩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። ከ1896 እስከ 1901 ከሞምባሳ እስከ ቪክቶሪያ ሐይቅ የተዘረጋውን የእንግሊዞች ሐዲድ የሠሩት ከ30 ሺህ የሚበልጡ የህንድ ኮንትራት ሠራተኞች ናቸው፤ በሺህ የሚቆጠሩትም አልቀውበታል። በ2017 ከሞምባሳ ናይሮቢ የተከፈተው አዲሱ ሐዲድ ደግሞ በቻይና ብድርና በቻይና ኩባንያ የተሠራ ነው። የመጀመሪያው በሰው ሕይወት፣ ሁለተኛው በመጪው ትውልድ ዕዳ ተከፍሎበታል።

በትርጉም ሥራዬ «እድገት» የሚለውን ቃል ስጽፍ ብዙ ጊዜ ቁጥር ብቻ ይመስለኝ ነበር። ቃሉ ግን ከ«ማሳደግ» ጋር አንድ ሥር አለው። እነዚያ 18 ገበሬዎች ስለ እህሉ ሲዋዋሉ ስለ ልጆቻቸውም ተዋውለዋል። የእስያን ጎዳና ለመከተል የሚሻ አገር ሁሉ ከፋብሪካውና ከሐዲዱ አስቀድሞ ይህን የውሉን ክፍል ቢያነብ ይጠቀማል።