የፈረስ መጋላው ተከራይ

ኅዳር በባተ ቁጥር የፈረንሳይ የሥነ ግጥም ወዳጆች የሚያስቡት አንድ ስም አለ፤ እርሱም ኅዳር 1 ቀን 1884 ዓ.ም. በማርሴይ ከተማ በሆስፒታል ሳለ በ37 ዓመቱ ያረፈው አርተር ራምቦ ነው። የዚህ ዓምድ አዘጋጅ መታሰቢያውን ምክንያት አድርጌ ስለ ሐረር እንድጽፍ ባዘዘኝ ጊዜ፣ የቅኔውን ነገር ለሚያውቁት ትቼ ሰውየው የሠራበትን ሰፈር ፈረስ መጋላን መረጥሁ፤ ስለ ግጥሞቹ በብዙ ቋንቋዎች የተጻፈው ሐተታ የትየለሌ ሲሆን፣ ቀኑን ሙሉ ቡና ሲያስመዝንና ቆዳ ሲያስቆጥር የዋለበት አደባባይ ግን በእኛ ቋንቋ የሚወሳው ከስንት አንዴ ነውና።

የከተማይቱ አጠቃላይ ታሪክ ለአንባቢ እንግዳ ስላልሆነ ባጭሩ ልለፈው። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድ ከተማይቱን በጀጎል ግንብ አጠሯት፤ አምስት በሮችም ወጡላት። ከዚያ ወዲህ ሐረር የራሷን ገንዘብ እየመታች በአሚሮቿ ስትተዳደር ቆይታ፣ በ1847 ዓ.ም. እንግሊዛዊውን ሪቻርድ በርተንን ለዐሥር ቀን አስተናገደች፤ በ1868 ዓ.ም. በራኡፍ ፓሻ የተመራው የግብፅ ጦር ያዛት፤ ግብፆች በ1877 ዓ.ም. ለቀው ሲወጡ አሚር አብዱላሂ በአባቶቻቸው ወንበር ተቀመጡ፤ በ1879 ዓ.ም. በገና ሰሞን የጨለንቆ ጦርነት ሆነና ንጉሥ ምኒልክ ከተማይቱን ይዘው፣ በኋላ ራስ ለተባሉት ለመኰንን አስረከቡ።

ይህ ሁሉ ያለፈው በፈረስ መጋላ በኩል ነው ቢባል ብዙም ማጋነን አይሆንም። ስሙ እንደሚመሰክረው ቀድሞ የፈረስ ገበያ የነበረው ይህ አደባባይ፣ ለተሽከርካሪ ተብሎ በኋላ ዘመን በተከፈተው በሐረር በር ገብቶ ሰፊውን ጎዳና የተከተለ ሰው በቀጥታ የሚደርስበት ሥፍራ ነው። ግብፆች በዚህ ትልቅ መስጊድ ሠርተው ነበር፤ ከጨለንቆ በኋላ በዚያው ቦታ የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ተተከለ፤ በአደባባዩ መካከል ደግሞ በጨለንቆ ለወደቁት ሐረሪዎች የቆመ መታሰቢያ አለ፤ ስለዚህ ቅዳሴ አስቀድሶ የወጣ ምእመን ጥቂት እንደ ተራመደ የተሸናፊዎቹን ሐውልት ያገኛል፤ በአገራችን ሁለቱን ወገን እንዲህ ጎን ለጎን ያቆመ አደባባይ ብዙ አላውቅም። ከዚሁ ወደ ጊድር መጋላ የሚወርደው ጠባብ መንገድ ማኪና ግርግር ይባላል፤ ልብስ ሰፊዎች የስፌት መኪናቸውን በየሱቁ ደጅ ደርድረው፣ አላፊው ጨርቅ ገዝቶ ሲመጣ እዚያው ለክተው እዚያው ይሰፉለታል። የሰማንያና የዘጠና ዓመት አዛውንት የሚመስሉት ፔዦ 404 ታክሲዎች ብዙ ዘመን ተሰልፈው ተሳፋሪ የሚጠብቁትም በዚሁ አደባባይ ነበር።

አሁን ወደ ራምቦ እንመለስ። በታኅሣሥ 1873 ዓ.ም. ከዘይላ ተነሥቶ በሶማሌ በረሃ 20 ቀን በፈረስ ተጉዞ ሐረር ሲገባ የ26 ዓመት ሰው ነበር፤ ግጥም መጻፉን ከተወ ዓመታት አልፈዋል። አሠሪው አልፍሬድ ባርዴ በዓደን ላይ የቡና ንግድ ቤት ያቆመ ፈረንሳዊ ሲሆን፣ በዚያው ዘመን እርሱ ራሱ ቀድሞ ሐረር ወጥቶ ቅርንጫፉን ከፍቷል። ራምቦ በሐረር የተቀመጠው በሦስት ጊዜ ነው፤ መጀመሪያ እስከ 1874 ዓ.ም.፣ ቀጥሎ ከ1875 እስከ 1876 ዓ.ም.፣ በመጨረሻም ከ1880 እስከ 1883 ዓ.ም. ድረስ። በመካከሉ ሁለት ሺህ ያህል ጠመንጃ በግመል ጭኖ ከታጁራ ወደ ሸዋ የወሰደበትና በእንጦጦ ከንጉሥ ምኒልክ ጋር በዋጋው የተከራከረበት ታሪክ አለ፤ ንጉሡ ዋጋውን ዝቅ አድርገው ክፍያውን ከሐረር ከመኰንን እንዲቀበል ስላዘዙ፣ ገንዘቡም ሰውየውም ዞሮ ዞሮ ሐረር ደረሱ።

ታዲያ በሐረር የት ኖረ? ዛሬ ወደ ጀጎል የገባ ጎብኚ ይህን ቢጠይቅ ልጆች እየተሽቀዳደሙ ይወስዱታል፤ (ከልጆቹ አንዳንዱ በፊልም ያየውን መትረየስ የታጠቀ ራምቦ ቤት የሚያሳይ ይመስለዋል፤ ይህንንም አልፈርድበትም።) የሚያሳዩትም ባለ ፎቅ፣ የፊት ገጹ በእንጨት ቅርጽ የተዋበ፣ መስኮቶቹ ባለ ቀለም መስተዋት የለበሱ፣ ጣራው ከውስጥ በሥዕል ያጌጠ ታላቅ ቤት ነው፤ ዛሬ በገጣሚው ስም ሙዚየምና የባህል ማዕከል ሆኗል። ከላይኛው ፎቅ ሆኖ የከተማይቱን ጣራዎች ማየት እጅግ ያስደስታል፤ የድሮ የሐረር ፎቶግራፎችም በግድግዳው ተሰቅለዋል። የሰፈሩ ትውፊት ገጣሚው የኖረው እዚህ ነው ይላል፤ ጎብኚም ከሩቅ አገር መጥቶ ባዶ መሬት ከሚያይ እንዲህ ያለ ያማረ ቤት ቢያይ ይመርጣል።

በሌላ በኩል የቆመው የባርዴ ምስክርነት ነው። ባርዴ ባርአጀም በተባለው ማስታወሻው እንደሚተርከው፣ የንግድ ቤቱ ቅርንጫፍ የተከፈተው ራኡፍ ፓሻ በገዛበት ዘመን ባሠራው፣ በዋናው አደባባይ በቆመ ባለ ፎቅ ቤት ውስጥ ነበር፤ ዋናው አደባባይም ፈረስ መጋላ ነው። ቡናው በምድር ቤት ይከማቻል፤ ወኪሉ በላይ ያድራል፤ የዚያ ዘመን የባሕር ማዶ ነጋዴ መኝታውን ከዕቃው አርቆ የሚያደርግበት ምክንያት አልነበረም። ባለ መስተዋቱ ቤት ግን የሕንዳዊ ነጋዴ ሥራ ነው፤ የተሠራውም ከገጣሚው ሞት በኋላ ነው። የሕንድ ነጋዴዎችና አናጺዎች በሐረር እየበዙ፣ እንዲህ ያለውን የእንጨት ሰገነትና ባለ ቀለም መስኮት በከተማይቱ ያስፋፉት ከመኰንን አገዛዝ ወዲህ ስለሆነ፣ ሕንጻው ራሱ በአፍ ከሚነገረው ትውፊት ጋር ይጣላል።

ሌላም ነገር አለ። ራምቦ በሁለተኛው ቆይታው ከፈረንሳይ ፎቶግራፍ ማንሻ አስመጥቶ ነበር፤ በሚያዝያ 1875 ዓ.ም. መጨረሻ ለእናቱና ለእኅቱ በጻፈው ደብዳቤ ውስጥ ራሱን ያነሣቸውን ሦስት ሥዕሎች ልኳል፤ በአንዱ በቤቱ ሰገነት ላይ ቆሟል፤ በሌላው በቡና ተክል መካከል፣ በሦስተኛው እጆቹን አጣምሮ በሙዝ ተክል መካከል ይታያል። ሥዕሎቹ ነጣ ማለታቸው የሚያጥብበት ውኃ ክፉ ስለሆነ መሆኑንም በደብዳቤው ይቅርታ በሚመስል ቃል ያስረዳል። ቡና የሚጫንበትን የቆዳ ከረጢት፣ ዳቡላን፣ የሚሠራ ሰውም አንሥቷል። ለእኔ ከግጥሞቹ ይልቅ ሰውየውን የሚያሳየኝ ይህ ነው፤ ዓለም ስለ ፊቱ ብዙ ሲፈላሰፍ፣ እርሱ ስለ ዕጥበት ውኃና ስለ ከረጢት ሠሪ ይጨነቅ ነበር። የቆመበት ሰገነትም የአደባባዩ ቤት ሰገነት እንጂ ገና ያልተሠራ ቤት ሰገነት ሊሆን አይችልም።

ትውፊቱ እንዴት እንዲህ ሊሳሳት ቻለ ለሚለው ጥያቄ መልሱን የማገኘው በሐረር ማኅበራዊ ኑሮ ውስጥ ነው። ሐረሪው በጦያ፣ ማለትም በመንደሩ ይታወቃል፤ በጌ ጋር፣ በባህላዊው ቤት ውስጥ፣ በቀይ አፈር የተለሰኑት የነደባ መቀመጫዎች ከፍና ዝቅ ብለው ማን የት እንደሚቀመጥ ያሳያሉ፤ ግድግዳውን የሚሸፍኑት የስንደዶ ሥራዎችም የእናትና የአያት እጅ ይናገራሉ። ከዚህ ሁሉ በላይ አፎቻ አለ፤ ወንዶች ለብቻ፣ ሴቶች ለብቻ ሆነው በሠርግና በሐዘን የሚረዳዱበት፣ የቀረውን አባል የሚቀጡበት፣ ለአዲስ አበባ አንባቢ በዕድር ሊመሰል የሚችል ግን ከዕድር ይልቅ ሰፋ ያለ ማኅበር። ሰው ሲሞት አፎቻው ለቀናት ተሰብስቦ ይቀመጣል፤ የሟቹ ቤት፣ ዘሩ፣ ጎረቤቱ በዚያ ይነሣል፤ የከተማይቱ ዜና መዋዕል በአብዛኛው የተጠበቀው በእንዲህ ያለ ተቀምጦ ነው። አፎቻ የሌለው መጻተኛ ግን፣ ለዚያውም ከአገር ወጥቶ በባዕድ ምድር የሞተ፣ በዚህ መዝገብ የሚገባበት በር አልነበረውም። ሐረር የራሷን ሙታን ቤት አትስትም፤ ለተከራይ ግን የሚያስታውስለት ማኅበር አልነበረም፤ ስሙም ከአውሮፓ በመጻሕፍት ታትሞ በተመለሰ ጊዜ ያማረ ቤት ተፈልጎ ተሰጠው።

የመጨረሻዎቹ ቀኖች በደንብ የታወቁ ናቸው። ቀኝ ጉልበቱ አብጦ መራመድ ስላቃተው፣ ራሱ ባሠራው ቃሬዛ ላይ ተኝቶ 16 ተሸካሚዎች እየተፈራረቁ ተሸክመውት መጋቢት 30 ቀን 1883 ዓ.ም. ከሐረር ወጣ፤ በማርሴይ እግሩ ተቆረጠ። ራስ መኰንን ይህን በሰሙ ጊዜ ሐዘናቸውን የገለጡበት ደብዳቤ ጻፉለት። ራምቦም ሲሞት ለሐረር አገልጋዩ ለጃሚ ወዳይ ገንዘብ ተናዞለት ነበር፤ ገንዘቡ ደርሶ ሲፈለግ ግን ጃሚ ራሱ ሞቶ ስለ ተገኘ ለወራሾቹ ተሰጠ። ከዚያ በኋላ የምድር ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ሲደርስ ንግዱ ወደዚያ ተሳበ፤ የፈረስ መጋላ የቡና ሚዛንም እየቀለለ ሄደ።

ጀጎል በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ከገባች ወዲህ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የሸዋል ዒድ በዓሏ በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ከሰፈረ ወዲህ፣ ጎብኚዋ በርክቷል፤ የአደባባዮቿና የመንገዶቿ ማደስም ተያይዟል። በዚህ ሥራ ላይ ያሉ ሹማምንት ሁለት ሰሌዳ ቢያሠሩ ወጪው ብዙ አይሆንም፤ አንዱ በፈረስ መጋላ ቆሞ የራኡፍ ፓሻ ቤትና የባርዴ ቡና መጋዘን በዚህ አደባባይ እንደነበረ፣ ራምቦም ወኪል ሆኖ እንዳደረበት ይናገር፤ ሁለተኛው በባለ መስተዋቱ ቤት ደጅ ተሰቅሎ፣ ሙዚየሙ በገጣሚው ስም መጠራቱ ሳይቀር፣ ቤቱን ያሠራው ሕንዳዊ ነጋዴ መሆኑን በአማርኛ፣ በሐረሪና በኦሮምኛ ይግለጥ።