ከሰንሰለት በላይ ሹካ

በእንግሊዝኛ «ኤሌቬትድ ቼይንስቴይ» የሚባለው የፍሬም ዓይነት እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ በካሊፎርኒያ የተራራ ብስክሌት ሠሪዎች ዘንድ ታወቀ። ማንቲስ በሚል ስም በእጅ የተሠሩ ብስክሌቶችን ያወጣ የነበረው ሪቻርድ ካኒንግሃም ቫልኪሪን በዚህ ዓይነት ሠራ፤ ለኒሺኪ ደግሞ ኤሊየንን ነደፈ። በተለመደው ብስክሌት ከፔዳሉ ወደ ኋላ ጎማ ከሚሄዱት ሁለት ቱቦዎች የቀኙ በሰንሰለቱ የላይና የታች መስመር መካከል ያልፋል። በእነዚህ ግን ቱቦዎቹ ከፔዳሉ በላይ ተነሥተው ሰንሰለቱን ከሥራቸው ይተዉታል። ስለዚህ «ከሰንሰለት በላይ ሹካ» እንበለው። «ከፍ ያለ ሹካ» ቢያጥርም ሹካው የረዘመ ያስመስላል፤ «የሰንሰለት ደጋፊ» ደግሞ ጭራሽ ስህተት ነው፣ ቱቦው የሚሸከመው ጎማውን እንጂ ሰንሰለቱን አይደለምና። ሹካ የፊተኛው ብቻ ነው የሚል ይኖራል፤ የኋላውም ግን ጎማውን ግራና ቀኝ ይዞ ነው የሚቆመው።

ቅርጹ ለዓይን ተብሎ የመጣ አይደለም። ክረምት ከውጫሌ ወደ አምባሰል ቀበሌዎች በሚወጣ የጭቃ መንገድ ላይ ቢነዳ ምክንያቱ ቶሎ ይገባል፦ ጭቃ የያዘ ሰንሰለት ከፊት ጥርሱ አልላቀቅ ብሎ ወደ ላይ ይሳብና በጥርሱና በቱቦው መካከል ይቀረቀራል። ቱቦው እዚያ ከሌለ መቀርቀሪያም የለም። የኋላ ጎማው ወደ ፔዳሉ መቅረብ ስለሚችልም ዳገት ላይ መሬት ይቆነጥጣል። ብዙም የማይነሣው ጥቅሙ ግን ለጠጋኝ ነው፦ ሰንሰለቱ ሳይበጠስ ይወጣል፤ በሰንሰለት ፈንታ የሚገባው፣ የማይፈታው የጎማ ቀበቶም ያለ ችግር ይገባል።

እንዲህ ከሆነ ለምን ብዙ አልተስፋፋም? ጥያቄው ተገቢ ነው። የፔዳሉ መጋጠሚያ ከኋላ የሚደግፈው ቱቦ ሲያጣ በእግር ጉልበት ይወዛወዛል፤ ያንን ለማጠንከር ብረት ሲጨመር ክብደት ይመጣል። በኋላም ከፊት አንድ ባለ ጥርስ ቀለበት ብቻ ያላቸው ብስክሌቶችና ሰንሰለቱን ወጥሮ የሚይዝ ማርሽ ቀያሪ የሰንሰለቱን መቀርቀር በአነስተኛ ዋጋ አቃለሉት። ይህ ግን ለውድድር የሚሠራ ፍርድ ነው። ለጭቃና ለዳገት፣ ፍጥነት ለማያስጨንቀው ሰው፣ ሐሳቡ አሁንም ትክክል ነው። ከእነዚያ ያረጁ ብስክሌቶች አንዱን የምታገኙ ከሆነ ከቀለሙ በፊት ሹካው ከፍሬሙ ጋር የተገናኘበትን ብየዳ መርምሩ፤ ስንጥቅ ካለበት አትግዙ።