የኦጋዴን ጦርነት (1969–1970 ዓ.ም.)፦ ትጥቅ፣ ጥይትና የውጊያ ስልት

የኦጋዴን ጦርነት ከሐምሌ 1969 እስከ መጋቢት 1970 ዓ.ም. በኢትዮጵያና በሶማሊያ መካከል የተካሄደ መደበኛ ጦርነት ነው። የሶማሊያ ጦር ከምዕራብ ሶማሊያ ነፃ አውጪ ግንባር ተዋጊዎች ጋር ሆኖ ድንበር ተሻግሮ ገባ፤ አብዛኛውን የኦጋዴን ቆላ ያዘ፤ ድሬዳዋንና ሐረርን ለመያዝ ሞክሮ አልተሳካለትም። በመጨረሻም በኢትዮጵያና በኩባ ጦር መልሶ ማጥቃት ተሸንፎ ወጣ። ይህ መጣጥፍ የሚያተኩረው በመሣሪያው፣ በጥይት አቅርቦቱና በውጊያ ስልቱ ላይ ነው። በዚህ በኩል ጦርነቱን ለየት የሚያደርገው በጥቂት ወራት ውስጥ ሁለቱም ተዋጊዎች ያስታጠቃቸውን ኃያል መንግሥት ማጣታቸው ነው። ተተኪ ያገኘው ግን አንዱ ብቻ ነበር። ቀኖቹ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ተጽፈዋል።

የመነሻው ቀን

ጦርነቱ የተጀመረበት ቀን እስከ ዛሬ ያከራክራል። በኢትዮጵያ በኩል በብዛት የሚጠቀሰው ሐምሌ 5 ቀን 1969 ነው። ይህ ቀን ወደ ፈረንጆች አቆጣጠር ሲመለስ ጁላይ 12 ይሆናል፤ ሆኖም አንዳንድ ጽሑፎች ጁላይ 13 ብለው ይመዘግቡታል። የአንድ ቀን ልዩነቱ ከአቆጣጠር ምለሳ የመጣ ስሕተት ሳይሆን አይቀርም። ሌሎች የታሪክ ጸሐፊዎች ደግሞ ጁላይ 23ን፣ ማለትም ሐምሌ 16ን ይመርጣሉ።

ከቀን ክርክሩ በስተጀርባ ሌላ ጥያቄ አለ። የሶማሊያ መንግሥት በመጀመሪያዎቹ ወራት የሚዋጉት የግንባሩ ሰዎች ብቻ እንደሆኑ ይናገር ነበር። የሶማሊያ መደበኛ መኮንኖችና ወታደሮች ግን ከሐምሌ በፊት በግንባሩ ስም ኦጋዴን ውስጥ ይዋጉ እንደነበር በብዙ ጽሑፎች ተመልክቷል። የእነዚህ ሰዎች መግባት እንደ ወረራ ከተቆጠረ መነሻው ወደ 1969 የበልግ ወራት ይሳባል። የታንክና የብረት ለበስ ዓምድ ድንበር መሻገር ከተቆጠረ ደግሞ ሐምሌ ይሆናል። ለትጥቅ ታሪክ የሚበጀው ሁለተኛው ነው፤ የሸማቂ ውጊያ በታንክና በመድፍ ወደሚካሄድ ጦርነት የተለወጠው ያኔ ነውና።

የሁለቱ ወገኖች ትጥቅ

ሶማሊያ በሶቪየት ኅብረት የታጠቀች ነበረች። ወደ 250 የሚገመቱ ታንኮች የነበሯት ሲሆን፣ ከእነዚህ መካከል 85 ሚሊ ሜትር መድፍ ያለው ቲ-34፣ 100 ሚሊ ሜትር ያለው ቲ-54 እና ቲ-55 ይገኙበታል። በአየር ኃይሏ ሚግ-17 እና ሚግ-21 ነበሩ።

ኢትዮጵያ ከ1945ቱ የመከላከያ ስምምነት ጀምሮ የታጠቀችው ከአሜሪካ ነው። ታንኮቿ 76 ሚሊ ሜትር መድፍ ያለው ኤም-41 እና 90 ሚሊ ሜትር ያለው ኤም-47 ነበሩ። በምድር ውጊያ ብልጫው የሶማሊያ ነበር። የኢትዮጵያ አየር ኃይል ግን ኤፍ-5 ተዋጊ ጀቶችና በደንብ የሠለጠኑ አብራሪዎች ነበሩት፤ በጦርነቱ የመጀመሪያ ሳምንታት የኦጋዴንን ሰማይ ተቆጣጠረ። አብራሪው ለገሰ ተፈራ ኤፍ-5ኢ እያበረሩ በርካታ የሶማሊያ ሚጎችን በመጣል ይታወቃሉ። ቁጥሩን አንዳንዶች አምስት፣ ሌሎች ስድስት ያደርሱታል። በኋላ አውሮፕላናቸው ተመትቶ ተማረኩ።

የጥይት ጉዳይ

አሜሪካ በ1969 አጋማሽ ሰብዓዊ መብትን ጠቅሳ ወታደራዊ ዕርዳታዋን ቀነሰች። የኢትዮጵያ ወታደራዊ መንግሥት ደርግ በሚያዝያ አስመራ የነበረውን የቃኘው ጣቢያና ሌሎች የአሜሪካ ቢሮዎችን ዘጋ፤ አሜሪካም የጦር መሣሪያ አቅርቦቷን አቆመች። በዚህም ገንዘብ የተከፈለበት ዕቃ ጭምር ሳይመጣ ቀረ። ከሶቪየት ኅብረት ጋር አስቀድሞ በታኅሣሥ 1969 ምስጢራዊ ውል ተፈርሞ ነበር፤ የደርጉ መሪ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በሚያዝያ መጨረሻ ሞስኮ ሄደው ሰፋ ያለ ስምምነት አደረጉ። ሆኖም ከውል እስከ ዝናር ያለው መንገድ ረጅም ነው። ኢትዮጵያ ትልቁን ወረራ የተቀበለችው የአሜሪካው ጥይት እየተሟጠጠ፣ የሶቪየቱ ደግሞ ገና በበቂ ሳይደርስ ነው።

የችግሩን ክብደት ለመረዳት 7.62 የሚለውን ቁጥር ማየት ይበቃል። በጊዜው በኢትዮጵያ ጦር እጅ ከነበሩት የአሜሪካና የሶቪየት ጠመንጃዎችና መትረየሶች ብዙዎቹ በወረቀት ላይ 7.62 ሚሊ ሜትር ናቸው። ጥይታቸው ግን አንድ አይደለም። ሕዝቡ ኤም ዋን የሚለው ጋራንድ ቀለሃው 63 ሚሊ ሜትር ይረዝማል፤ የብራውኒንግ መትረየስም የሚጎርሰው ይህንኑ ነው። የአሜሪካው ካርባይን ቀለሃ 33 ሚሊ ሜትር ነው። የክላሽንኮቭ 39፣ የሶቪየት መካከለኛ መትረየስ ደግሞ 54 ሚሊ ሜትር ነው። አረሩም ቢሆን በውፍረት ይለያያል፦ የአሜሪካው በትክክል ሲለካ 7.82 ሚሊ ሜትር አካባቢ ሲሆን የሶቪየቱ ወደ 7.9 ይጠጋል። ስለዚህ ግምጃ ቤት ውስጥ «7.62» ተብሎ የተመዘገበ ሣጥን ቀለሃው ተለይቶ ካልተጻፈበት ለየትኛው ጠመንጃ እንደሚሆን አይታወቅም። ምሽግ ውስጥ ላለ ወታደር ደግሞ የማይገጥም ጥይት ከጥይት አይቆጠርም።

አያያዙም የተለየ ነው። ጋራንድ ስምንት ጥይት በብረት ቅንጥብ ታስሮ ይጎርሳል፤ ስምንተኛው ሲተኮስ ቅንጥቡ ራሱ ተፈናጥሮ ይወጣል። ክላሽንኮቭ ግን 30 ጥይት የሚይዝ ካዝና አለው፤ ቃታው ተስቦ ከተያዘም ሳያቋርጥ ይተኩሳል። ክላሽ የታጠቀ ሰው በአንድ ውጊያ የሚጨርሰው ጥይት ይበዛል። ጠመንጃ የለወጠ ጦር ጭነት መኪናውንም መጨመር አለበት።

ሞርታር ላይ ነገሩ በአንድ ወገን ብቻ ይሠራል። የአሜሪካው ሞርታር 81፣ የሶቪየቱ 82 ሚሊ ሜትር ነው። የ81ዱ ቦንብ በ82ቱ አፈ ሙዝ ይገባል፤ ጋዝ በክፍተቱ ስለሚያመልጥ ግን ርቀቱ ያጥራል፣ ዒላማውም ይዛባል። የ82ቱ ቦንብ በ81ዱ ፈጽሞ አይገባም። በመድፍም የአሜሪካዎቹ 105 እና 155፣ የሶቪየቶቹ 122 እና 130 ሚሊ ሜትር በመሆናቸው አንዱ ለሌላው አይረዳም። ከሶማሊያ ታንክ የተማረከ የ100 ሚሊ ሜትር ጥይት ለኤም-47 ጥቅም አልነበረውም። የሶቪየቱ ትጥቅ በብዛት ከገባ በኋላ ግን ምርኮ ጥይት ራሱን የቻለ አቅርቦት ሊሆን ይችል ነበር።

በመሸጋገሪያው ወቅት እስራኤል ለአሜሪካ ሠራሽ መሣሪያዎች መለዋወጫ በምስጢር ታቀርብ ነበር። የእስራኤል የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሞሼ ዳያን በጥር 1970 መጨረሻ ይህን በአደባባይ በመናገራቸው ግንኙነቱ ተቋረጠ።

መንገድና ወደብ

የአዲስ አበባ–ጅቡቲ የባቡር መሥመር ድልድዮቹ ፈርሰው ከሰኔ 1969 ጀምሮ ተቋረጠ። የአሰብ ወደብና ከዚያ የሚመጣው የጭነት መኪና መንገድ የኢትዮጵያ ዋና የእስትንፋስ መስመር ሆኑ።

በኅዳር 4 ቀን 1970 ሶማሊያ የሶቪየት አማካሪዎችን አባርራ ከሶቪየት ኅብረት ጋር የነበራትን የወዳጅነት ውል ሰረዘች። ከዚያው ወር ጀምሮ የሶቪየት የአየር ድልድይ ወደ ኢትዮጵያ ተዘረጋ፤ አንቶኖቭና ኢሊዩሺን ማመላለሻ አውሮፕላኖች ሌት ተቀን ይመላለሱ ነበር። ለዚህ ሥራ የተመደቡትን አውሮፕላኖች ወደ 225 የሚያደርሱ ግምቶች አሉ፤ በብዛት የተጠቀሰ ቁጥር ቢሆንም ግምት መሆኑ ሊታወስ ይገባል። ከባዱ ታንክና መድፍ በአብዛኛው የመጣው በመርከብ ነው። ሶማሊያ በበኩሏ ከግብፅ ዕርዳታ ብታገኝም የሶቪየትን ምንጭ የሚተካ አላገኘችም። አሜሪካም የሶማሊያ ጦር ኦጋዴን ውስጥ እያለ አላስታጥቅም አለች።

የውጊያ ስልት

የሶማሊያ ስልት ግልጽ ነበር። ሸማቂዎች መንገድና ድልድይ ቆርጠው ጦር ሰፈሮቹን ይነጥላሉ፤ ከዚያ ታንክና ሜካናይዝድ እግረኛ በመድፍ ታግዞ ይመታቸዋል። በሜዳማው ኦጋዴን ተበታትኖ በነበረው የኢትዮጵያ ሦስተኛ ክፍለ ጦር ላይ ይህ ሠራ። በነሐሴ 11 ድሬዳዋ ላይ የተሰነዘረው ጥቃት ግን ከአየር ማረፊያው በሚነሡ ጀቶችና በምድር ጦሩ ተመከተ። ጅጅጋ በመስከረም 2 ቀን 1970 ተያዘች። የካራማራ ተራራ የራዳር ጣቢያ ማጣትና በወታደሩ ውስጥ የተነሣው ዓመፅ ለመውደቋ ምክንያት ከሚባሉት ናቸው።

ከዚያ በኋላ የሶማሊያ ጦር ወደ ሐረር ሲወጣ ሜዳው አለቀ። ታንክ በገደልና በጠባብ መንገድ ፍጥነቱን ያጣል፤ የአቅርቦት መስመሩም ተለጥጦ ለአየር ድብደባ ተጋለጠ። በጥር 14 የተሰነዘረው የመጨረሻ ትልቅ ጥቃት ከሸፈ።

መልሶ ማጥቃቱ የተመራው የሶቪየቱ ጄኔራል ቫሲሊ ፔትሮቭ በተሳተፉበት ዕዝ ነው፤ የኩባ ጦር አዛዥ አርናልዶ ኦቾዋ ነበሩ። ሶማሊያ ከሐረር ወደ ጅጅጋ የሚወስደውን የካራማራን በር አጥብቃ መሽጋ ጥቃቱን በዚያ ትጠብቅ ነበር። አጥቂዎቹ ግን በሩን ፊት ለፊት ከመግጠም ይልቅ በሰሜን በኩል ዞሩ፤ ትልልቅ ሄሊኮፕተሮች ሰውና ቀላል ብረት ለበስ ከመከላከያው ጀርባ አወረዱ። 122 ሚሊ ሜትር የሆኑ 40 ሮኬቶችን በሃያ ሴኮንድ ገደማ የሚያዘንበው ቢኤም-21 ምሽጎቹን ደበደበ። ከፊትም ከኋላም የተያዘው ጦር ተፈታ፤ ጅጅጋ የካቲት 26 ቀን 1970 ነፃ ወጣች። ከአራት ቀን በኋላ ሶማሊያ ጦሯን እንደምታስወጣ አስታወቀች።

ሚሊሽያ

ለእናት ሀገር ጥሪ የተሰበሰቡት ገበሬዎች በታጠቅ ጦር ሰፈር በጥድፊያ ሠልጥነው በሰኔ 1969 አዲስ አበባ ላይ በሰልፍ ታዩ። በምሥራቁ ግንባር የመጀመሪያውን ከባድ መሥዋዕትነት ከከፈሉት መካከል ናቸው።

ከጦርነቱ በኋላ

የኢትዮጵያ ጦር ሙሉ በሙሉ ማለት ይቻላል ወደ ሶቪየት ትጥቅ ዞረ፤ ክላሽንኮቭም መደበኛው ጠመንጃ ሆነ። ለጦርነቱ ሰማዕታት አዲስ አበባ ውስጥ የትግላችን ሐውልት ቆሟል፤ የወደቁ ኩባውያን ምስልም በዚያ ይገኛል። ሁለቱ መንግሥታት በ1980 ስምምነት ፈርመው ምርኮኞችን ተለዋወጡ። ለገሰ ተፈራ ወደ አገራቸው የተመለሱት ያኔ፣ ከአሥራ አንድ ዓመት ገደማ እስር በኋላ ነው።