ልክ መር ንድፍ፦ የኮምፒውተር መንደፊያ ከመምረጥ በፊት የሚታወቅ ቃል

የምህንድስና ተማሪዎች፣ የብየዳ ቤት ባለቤቶችና ገና ሥራ የጀመሩ አርክቴክቶች ደጋግመው የሚያነሱት ጥያቄ አለ፦ ኮምፒውተር ላይ ለመንደፍ የትኛው ፕሮግራም ይሻላል? አውቶካድ፣ ሶሊድወርክስ፣ ሬቪት፣ አርኪካድ፣ ፍሪካድ፤ ስሙ ብዙ ነው። የተጠየቀው ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚመክረው ራሱ የለመደውን ነው። እኔ ግን ከፕሮግራሞቹ ስም በፊት መታወቅ ያለበት አንድ ሐሳብ አለ እላለሁ። የሙያው ሰዎች «ፓራሜትሪክ» ይሉታል። በአማርኛ «ልክ መር ንድፍ» እንበለው።

ልክ መር ንድፍ ማለት ቅርጹ ለተሰጡት ልኮች የሚታዘዝ ንድፍ ነው። ነዳፊው መስመር ስሎ አይተወውም። ይህ መስመር ከዚያኛው ጋር ትይዩ ነው፣ ይህ ቀዳዳ ከጠርዙ ሁልጊዜ በዚህን ያህል ይርቃል፣ ይህ ስፋት ከዚያ ስፋት በዚህን ያህል ይበልጣል እያለ ዝምድናቸውን ይደነግጋል። እነዚህን ድንጋጌዎች «ማሰሪያ» ልበላቸው። ቁጥሩ ሲለወጥ ማሰሪያው ሳይፈታ ቅርጹ በሙሉ ተከትሎ ይለወጣል።

ምሳሌውን ከሸዋ ሮቢት ልውሰድ። ከተማዋ በደሴ መንገድ ላይ፣ ከአዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1280 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። አካባቢው የይፋት ቆላ ነው፤ ሙቀቱ ብርቱ፣ ዝናቡም የማይታመን። ስለዚህ ገበሬው ሽንኩርቱንና ሌላውን የመስኖ ሰብል የሚያለማው ከሮቢና ከደጋው ከሚወርዱት ሌሎች ወንዞች ውሃ ጠልፎ ነው። ውሃው ከዋናው ቦይ ወደ ቅርንጫፍ፣ ከቅርንጫፉ ወደ ማሳ ሲገባ በየመገንጠያው መዝጊያ ይፈልጋል፦ ግራና ቀኝ በቆመ የብረት ሐዲድ ውስጥ ወደ ላይና ወደ ታች የሚንሸራተት ላሜራ። ቦዮቹ ግን እኩል አይደሉም። አንዱ 40 ሴንቲ ሜትር ይሰፋል፣ ሌላው 60፣ ሌላው 80።

አንድ ብየዳ ቤት ባለ 60ውን መዝጊያ በአውቶካድ ነደፈ እንበል። የሐዲዱ ጥልቀት በየጎኑ 4 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ላሜራው ተቀርቅሮ እንዳይቀር በየጎኑ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ክፍተት ይተውለታል። ስለዚህ የላሜራው ስፋት 60 ሲደመር 8 ሲቀነስ 1፣ ማለትም 67 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ነዳፊው 67 ብሎ ይስለዋል። ፋይሉ ውስጥ የሚቀረው ግን 67 ብቻ ነው፤ 67 ከየት እንደመጣ ሥዕሉ አያውቅም። በማግስቱ ባለ 40 መዝጊያ ሲታዘዝ ላሜራው፣ አግዳሚ ማጠናከሪያው፣ ከላይ የሚበየደው አንጎላሬ፣ የብሎኑ ቀዳዳ ሁሉ አንድ በአንድ መስተካከል አለባቸው። አንዷ ከተረሳች ስህተቷ የሚታወቀው መዝጊያው ተሠርቶ፣ ቀለም ተቀብቶ፣ ቦዩ አፍ ላይ ሲደርስ ነው።

በልክ መር ንድፍ ግን የሚጻፈው ውጤቱ ሳይሆን ስሌቱ ነው፦ የላሜራው ስፋት፣ የቦዩ ስፋት ሲደመር የሁለቱ ሐዲዶች ጥልቀት ሲቀነስ የሁለቱ ጎን ክፍተት። የቦዩን ስፋት 40 ሲሉት ላሜራው ራሱ 47 ይሆናል፤ 80 ሲሉት 87። ቀዳዳዎቹ ቦታቸውን ይለውጣሉ፤ ለአንጥረኛው የሚታተመው ወረቀት ላይ ያለው ቁጥር ይታረማል፤ የብረቱ ክብደት እንደገና ይሰላል። የመዝጊያው ዕውቀት በነዳፊው ጭንቅላት ብቻ ሳይሆን በፋይሉም ውስጥ ይቀመጣል። ሠራተኛው ቢለቅ እንኳ ተተኪው ስሌቱን ከፍቶ ያነበዋል። ለእኔ ትልቁ ጥቅም ይህ ነው፤ በትንንሽ ወርክሾፖቻችን ሙያ ከሰው ጋር አብሮ ሲሄድ የሚደርሰውን ኪሳራ የሚያውቅ ሰው ይስማማኛል።

እንግዲህ ፕሮግራም ለመምረጥ የመጀመሪያው ጥያቄ ይኸው ነው፦ የምነድፈው ነገር ልኩን ቀይሮ ተመልሶ ይመጣል? የሚመጣ ከሆነ ልክ መር መንደፊያ ያስፈልጋል። አንድ ጊዜ ተስሎ የሚያበቃ ከሆነ ተራ መሳያ ይበቃዋል።

ሐሳቡ አዲስ የመጣ አይደለም። ኢቫን ሰዘርላንድ እ.ኤ.አ. በ1963 በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ለዶክትሬቱ ያቀረበው «ስኬችፓድ» በስክሪን ላይ በብርሃን ብዕር የሚሳልበት የመጀመሪያው ታላቅ ሥራ ነበር፤ ማሰሪያም ከጅምሩ ነበረው። ሁለት መስመሮችን ትይዩ ሁኑ፣ እኩል ርዘሙ ማለት ይቻል ነበር። ነገር ግን ያ ሥራ የተሠራው ክፍል በሚሞላ ኮምፒውተር ላይ ነው። አውቶካድ እ.ኤ.አ. በ1982 ለትንንሾቹ የግል ኮምፒውተሮች ሲወጣ አቅማቸው የሚፈቅደውን ያዘ፦ መስመር፣ ክብ፣ ጽሑፍ። ማሰሪያው ወደ ገበያ በጉልህ የተመለሰው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ ፕሮ ኢንጂነር በተባለው ፕሮግራም ነው፤ በ1995 ደግሞ ሶሊድወርክስ በተራ የዊንዶውስ ኮምፒውተር ላይ አመጣው። አውቶካድ ራሱ በ2010 ዕትሙ የልክ ማሰሪያ ጨምሯል። አውቶካድን ለዓመታት የሠሩበት፣ ይህን ክፍሉን ግን ከፍተው የማያውቁ ባለሙያዎች ብዙ ናቸው። አዲስ ፕሮግራም ከመፈለግ በፊት እጅ ላይ ያለውን መፈተሽ ተገቢ ነው።

እኛ ዘንድ መስመር መሳሉ የበረታበት ምክንያት አለው። የኢትዮ-ስዊድን የሕንፃ ቴክኖሎጂ ተቋም እ.ኤ.አ. በ1954 ሲመሠረት ንድፍ ማለት የእጅ ሥራ ነበር፦ ሰሌዳ፣ እርሳስ፣ ማስመሪያ። ተቋሙ ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር የአርክቴክቸር፣ የሕንፃ ግንባታና የከተማ ልማት ኢንስቲትዩት ሆኗል። አውቶካድ የመጣው የሰሌዳውን ቦታ ሊወርስ ነው፤ ስለዚህ ትምህርቱም በዚያው መንገድ ቀጠለ። የአሳሳሉ ጥራት ሳያንስ፣ ዝምድናን የመጻፍ ልማድ ግን ሳይዳብር ቆየ።

ስለ ቃሉ ጥቂት ልበል። «ተለዋዋጭ ንድፍ» የሚሉ አሉ። አልወደድኩትም፤ የማይጸና ነገር ያስመስለዋልና። «መር» የሚለውን ቅጥያ ሕዝቡ ከ«ግብርና መር» ጀምሮ ስለሚያውቀው «ልክ መር» ሲባል ማን ማንን እንደሚመራ ወዲያው ይገባል። ልኩ ይመራል፣ ቅርጹ ይከተላል።

አሁን ወደ ምርጫው። የመኖሪያ ቤት ፕላን ለማዘጋጃ ቤት የሚያቀርብ ሰው በአውቶካድ ቢሠራ ምንም አይጎድልበትም። ሕንፃው ከፍ ሲል፣ በሩና መስኮቱ ሲበዛ ግን እንደ ሬቪትና አርኪካድ ያሉት ልክ መር የሕንፃ መንደፊያዎች ያዋጣሉ፤ በአንዱ ፎቅ የተለወጠው በር በቁረጥ ሥዕሉም በዝርዝር ሠንጠረዡም ራሱ ይለወጣልና።

የመስኖ ቦይ መስመር ለሚነድፍ መሐንዲስ ሌላ ነገር ይጨመራል፤ ፕሮግራሙ የምድርን መጋጠሚያ ቁጥር ማወቅ አለበት። ሲቪል 3ዲ ለዚህ የተሠራ ልክ መር መንደፊያ ነው፤ የቦዩ መስመር ሲገፋ የሚቆፈረው አፈር መጠን አብሮ ይሰላል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያሻል። ብዙዎቹ የአገራችን ነባር ካርታዎች «አዲንዳን» በሚባለው የመጋጠሚያ ቁጥር መነሻ የተሠሩ ናቸው፤ ጂፒኤስ የሚሰጠው ደግሞ በደብልዩ ጂ ኤስ 84 ነው። በሁለቱ መካከል 200 ሜትር ያህል ልዩነት አለ። ሸዋ ሮቢት በዩቲኤም 37ኛ ዞን ውስጥ ብትሆንም መነሻው ካልተጠቀሰ ቦዩ በሌላ ሰው ማሳ ውስጥ ያልፋል። ሶሊድወርክስም ሆነ ፍሪካድ ለዚህ ሥራ የተሠሩ አይደሉም።

ልክ መር ንድፍ ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈልገው ለብየዳ ቤቱ ነው። የቦይ መዝጊያውን አይተናል። የእህል መውቂያም እንዲሁ ነው፤ ለማሾ፣ ለማሽላና ለጤፍ የወንፊቱ ቀዳዳ ይለያያል፤ ሌላው አካል ግን ያው ነው። በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. የተቃጠለችውን አጣዬን የመሰለ ከተማ ሲጠገን በርና መስኮት በብዛት ይታዘዛል፤ የግንቡ ክፍተት ግን ከቤት ቤት አንድ ልክ አይሆንም። ይህ ሁሉ አንድ ጊዜ በደንብ ታስሮ የሚነደፍ፣ ከዚያ በቁጥር ብቻ የሚባዛ ሥራ ነው።

የትኛውን እንግዲህ? ሶሊድወርክስ ግሩም መሣሪያ ነው፤ ነገር ግን ዋጋው ከባድ ነው፣ በዊንዶውስ ብቻ ይሠራል፣ ኮምፒውተሩም 16 ጊጋባይት ራም እንዲኖረው ይመከራል። አውቶካድ ቢሆን እንኳ በአሜሪካ ዋጋ በዓመት 2000 ዶላር ያህል ይጠይቃል፤ ኩባንያው እ.ኤ.አ. ከ2016 ወዲህ አንዴ ተገዝቶ ለዘለቄታው የሚያዝ አዲስ ፈቃድ አይሸጥም። ለተማሪና ለመምህር በነፃ ይሰጣል፤ ከምረቃ በኋላ ግን ያ በር ይዘጋል። በየፍላሹ የሚዞረውን ክራክ የተደረገ ፕሮግራም ሁሉም ያውቀዋል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምንም ይጠብቃል። ለጨረታ የሚወዳደር ድርጅት ሥራውን በተሰረቀ ፕሮግራም ላይ መመሥረቱን አልደግፍም፤ ቫይረሱም ሌላ ጣጣ ነው።

ፊውዥንና ኦንሼፕ በኢንተርኔት ላይ የተመሠረቱ ልክ መር መንደፊያዎች ናቸው። ለግል ጥቅም በነፃ ይገኛሉ፤ ሆኖም ኦንሼፕ በነፃ የተሠራውን ንድፍ ለዓለም ሁሉ ክፍት ያደርገዋል። ከዚህም ይልቅ፣ በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት መቆየቱን የምናውቅ ሰዎች ለይፋት ወርክሾፕ ይህን መምከር አንችልም። ንድፉ የራስ ላፕቶፕ ውስጥ መኖር አለበት።

ስለዚህ ምክሬ ፍሪካድ ነው። በነፃ የተለቀቀ ነው፣ ለንግድ ሥራም ይፈቀዳል፣ በዊንዶውስም በሊኑክስም ይሠራል፣ አንዴ ከተጫነ ኢንተርኔት አይጠይቅም። ልኮቹን በሠንጠረዥ ጽፎ ከቅርጹ ጋር ማገናኘት ይቻላል፤ የቦዩ መዝጊያ ስሌት በአማርኛ ማስታወሻ ሳይቀር እዚያው ይሰፍራል። የሥዕሉ መስመሮች ሁሉ በሚገባ ሲታሰሩ ቀለማቸው አረንጓዴ ይሆናል፤ ጀማሪው ምን እንደቀረው ያውቃል። ለዓመታት ሲነቀፍበት የኖረው ድክመት፣ ቀድሞ የተሠራ ክፍል ሲለወጥ በላዩ የተሠሩት ቦታቸውን መሳታቸው ነበር። በኅዳር 2017 ዓ.ም. የወጣው 1.0 ዕትም ይህን በብዙ አቃሎታል፤ ፈጽሞ ጠፍቷል ግን አይባልም። መልኩ እንደ ሶሊድወርክስ የተወለወለ አይደለም፤ ለመልመድም ትዕግሥት ይፈልጋል።

ሁለት ማስጠንቀቂያዎች አሉኝ። አንደኛው ከሁሉ ይበልጣል፦ ልክ መር ንድፍ ምህንድስናውን አይተካም። ውሃው 60 ሴንቲ ሜትር ቆሞ ባለ 40 መዝጊያን የሚገፋው 72 ኪሎ ግራም በሚመዝን ኃይል ነው። ቦዩን 80 ሲያደርጉት ግፊቱ እጥፍ ሆኖ 144 ይደርሳል፤ ላሜራውን ለማጉበጥ የሚሠራው ጉልበት ግን አራት እጥፍ ያድጋል፣ ከስፋቱ ካሬ ጋር ይሄዳልና። ፕሮግራሙ ስፋቱን ያለ ተቃውሞ ይለጥጠዋል፤ ውፍረቱ ግን 4 ሚሊ ሜትር ከነበረ ያው 4 ሆኖ ይቀራል። ማጠናከሪያው በስንት ሴንቲ ሜትር ርቀት እንዲደጋገም ነዳፊው ራሱ በማሰሪያ ካልጻፈ፣ ስክሪኑ ላይ ያማረው መዝጊያ ወንዙ ሲሞላ ይጎብጣል።

ሁለተኛው ስለ ፋይል ነው። «ስቴፕ» የተባለው የመለዋወጫ ፋይል ቅርጹን ከፕሮግራም ወደ ፕሮግራም ያሻግራል፤ ስሌቱንና ማሰሪያውን ግን አያሻግርም። 67 እንደገና ባዶ 67 ይሆናል። ስለዚህ ፋይሉን ማን እንደሚቀበል አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ዋናውን ፋይልም ለይቶ ማስቀመጥ። በአውቶካድ የሚሠሩ ደግሞ አማርኛ ጽሑፋቸው በጥያቄ ምልክት ሲተካ የሚደነግጡበት ምክንያት አለው፤ የፕሮግራሙ ነባር ፊደላት የግዕዝን ፊደል አልያዙም። የጽሑፉን ስታይል ወደ ኒያላ ወይም ወደ አቢሲኒካ መለወጥ ይበቃል፤ ተቀባዩም ያው ፊደል ሊኖረው ይገባል።

የቴክኒክና ሙያ መምህራን ይህን ቢያስቡበት እወዳለሁ፦ ለተማሪው አውቶካድ ከማስተማር ጎን ለጎን አንድ የቦይ መዝጊያ በልክ መር መንገድ እንዲነድፍ ይሰጠው፤ ከዚያ የቦዩን ስፋት እየለወጡ ይፈትኑት። የብየዳ ቤት ባለቤትም ከሁሉ ዕቃው ይልቅ ደጋግሞ የሚታዘዘውን አንዱን መርጦ በዚያ ይጀምር።