ዝም ያለው ተከሳሽ

ከሞጆ ወደ ሐዋሳ በሚወስደው መንገድ መቂንና ባቱን አልፋችሁ ጥቂት ስትሄዱ አዳሚ ቱሉ ትገኛለች። ታሪኩ እዚያ ይጀምራል። ሰውየውን እኔ ነኝ ያሰብኩት፤ ሕጉና መንገዱ ግን እውነተኛ ናቸው።

አንድ ጎልማሳ ጎረቤቱን ገድሏል ተብሎ ተያዘ እንበል። ሌሊት ሌሊት ብቻውን ሲያወራ እናቱ ሰምታ ዱዓ አስደርጋለታለች፤ ሐኪም ግን አላየውም። ክሱ ከባድ ነውና አዳማ፣ ከከፍተኛው ፍርድ ቤት ቀረበ። ዳኛው ክሱን በኦሮምኛ አንብበው «ድርጊቱን ፈጽመሃል?» አሉት። ጣሪያውን ያያል። ደግመው ጠየቁት። ዝም።

እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ ዝም ያለ ተከሳሽ ክዷል ተብሎ ይመዝገብ ይላል። መልካም ሕግ ነው፤ ዝምታ እንደ ማመን እንዳይቆጠር ይከላከላል። ዝምታው ከሕመም የመጣ እንደሆነስ? «ክዷል» ተብሎ ይጻፍና ምስክር ይሰማል፤ ሰውየው ግን አካሉ እንጂ ልቡ እዚያ የለም። ምስክሩ ሲዋሽ ለጠበቃው «ውሸት ነው» ብሎ ሹክ የሚል የለም።

እናትየው ከኋላ ወንበር ብድግ አለች። «ጌታዬ፣ ልጄ የሚሉትን አያውቅም!»

ዳኛው የ1996ቱን የወንጀል ሕግ አንቀጽ 51 ገለጡ፤ ጥርጣሬ ካለ ባለሙያ ይመርምረው ይላል። ትእዛዝ ተጻፈ። በጣሊያን ዘመን ወደተቋቋመው ወደ አማኑኤል ሆስፒታል፣ አዲስ አበባ ይሂድ ተባለ። ከየክልሉ የሚላከው ብዙ ነውና ተራ አለ፤ ተራ እስኪደርስ ማረሚያ ቤት ነው።

ተራው ደረሰ። ሐኪሙ በአማርኛ «ለምን ታሰርክ? ዳኛ ምን ይሠራል? ጠበቃህስ?» ይለዋል። ሰውየው ኦሮምኛ ብቻ የሚያውቅ ቢሆንስ? ዝምታው የሕመም ይሁን የቋንቋ በምን ይለያል? ለእኔ አስተርጓሚ እዚህ እንደ መድኃኒቱ ያስፈልጋል።

የሐኪሙ ወረቀት ተመለሰ፤ ድርጊቱን በፈጸመበት ጊዜ የሚያደርገውን ይረዳ እንደነበር ያትታል። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 48 የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። ያ ግን ያለፈው ቀን ጥያቄ ነው። ያን ቀን ጤነኛ የነበረ ዛሬ ሊታመም፣ ያን ቀን የታመመ ዛሬ ሊድን ይችላል። አሜሪካኖች በ1960 እ.ኤ.አ. ደስኪ በተባለ ተከሳሽ ጉዳይ ዛሬን ለይተው ጠየቁ፦ ተከሳሹ ክሱን በማስተዋል ይረዳል? ከጠበቃው ጋር መመካከር ይችላል? የእኛም አንቀጽ 51 ባለሙያው የተከሳሹን የአሁን ሁኔታ እንዲገልጽ ያዛል። በሩ አለ፤ የሚያንኳኳው የትእዛዙ ደብዳቤ ነው። «አእምሮው ይመርመርልን» ብቻ ተብሎ ከተጻፈ መልሱም እንደዚያው ጅምላ ይሆናል።

የሕግ መደምደሚያውን ሐኪሙ አይወስንም። ዳኛውን የሚያስረው የሕክምናው ግኝት ብቻ ነው። ተከሳሹ ለድርጊቱ ኃላፊ አይደለም ከተባለ በጥበቃ ሥር እንዲቆይ ወይም እንዲታከም ይታዘዛል፤ እርምጃውም በየሁለት ዓመቱ እንደገና ይታያል።

የእኛ ዳኛ ወረቀቱን አንብበው ሁለተኛ ደብዳቤ አስጻፉ። «ተከሳሹ ዛሬ ክሱን ይረዳል ወይ? ጠበቃውን ማገዝ ይችላል ወይ? ካልቻለ በሕክምና ይሻለዋል ወይ? ምርመራው በኦሮምኛ አስተርጓሚ ይሁን።» ምስክር መስማቱ መልሱ እስኪመጣ ቆመ።